ማሌዥያ ውስጥ የኩባንያ ሒሳብ ሪፖርት ለምን በማላይኛ አይጻፍም?

ሒሳብ ሹሙ (ክሩን የከፈተው)፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ኩዋላ ላምፑር ነው፤ አንድ መካከለኛ ኩባንያ ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አሁን የዓመት መዝጊያ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከኦዲተሮች ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የምንውለው። እዚህ መድረክ ላይ የሒሳብ ሰው ስለማይጠፋ፣ ሲከነክነኝ የቆየ አንድ ነገር ላንሳ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የማሌዥያ ብሔራዊ ቋንቋ ማላይኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 152 ላይ ተቀምጧል። በ1957 ከእንግሊዝ ነፃ ሲወጡ እንግሊዝኛ ለ10 ዓመት ጎን ለጎን እንዲቆይ ተፈቀደለት። በ1967 የብሔራዊ ቋንቋ ሕጉ ሥራ ላይ ዋለና ማላይኛ ቦታውን ያዘ። ዛሬ መንግሥት መሥሪያ ቤት ብትገቡ ቅጹም ደብዳቤውም በማላይኛ ነው። የኩባንያ ስም ራሱ በሕግ የሚያልቀው በማላይኛ ነው፤ የግል ከሆነ «ሰንዲሪያን በርሃድ»፣ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ «በርሃድ»።

የዚያኑ ኩባንያ የሒሳብ ሪፖርት ስትገልጡት ግን ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው።

አንድ ገጽ ላሳያችሁ። እዚህ አገር የኩባንያው የሒሳብ ኃላፊ «ይህ ሒሳብ እስከማውቀውና እስከማምነው ድረስ ትክክል ነው» ብሎ መማል አለበት። ሕግ ነው። የሚምለው መሐላ የመቀበል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ቀርቦ ነው። የመሐላው ቃል በእንግሊዝኛ ተተይቦ ይመጣል። ይፈርማል። ከዚያ መሐላ ተቀባዩ ማኅተሙን ያሳርፋል፤ ማኅተሙ ላይ የተጻፈው «ፐሱሩህጃያ ሱምፓህ» ነው፣ የሹመቱ ስም በማላይኛ። የኩባንያ ስሞችን ከተዋችሁ፣ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የአገሩን ቋንቋ የምታገኙት ብዙ ጊዜ እዚያች ማኅተም ላይ ብቻ ነው።

ሕግ ከልክሎ እንዳይመስላችሁ። የገቢ ግብር ሕጉ የንግድ መዝገብ በብሔራዊው ቋንቋ ወይም በእንግሊዝኛ ይያዝ ነው የሚለው። ምርጫው የኩባንያው ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ሁሌም አንዱን ይመርጣል። እኔ የደረስኩበት መልስ፦ ሪፖርት የሚጻፈው ገንዘቡን ይዞ መውጣት ለሚችለው አንባቢ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቁጥር በቁጥር፦

ወንድሜ፣ ነገሩን አወሳሰብከው። ደረጃው በእንግሊዝኛ ነው፣ አለቀ። ማሌዥያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ከዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ማለትም ከአይኤፍአርኤስ ጋር አንድ የሆነ ደረጃ ነው የምትከተለው። እያንዳንዱ አንቀጽ፣ እያንዳንዱ ቃል በእንግሊዝኛ ተመዝኖ የተቀመጠ ነው። ኦዲተሩ ቢሮ ያለው የሪፖርት አብነት እንግሊዝኛ ነው። ሲንጋፖር ወይም ለንደን ያለው እናት ኩባንያ ከራሱ ሒሳብ ጋር የሚጠቀልለው እንግሊዝኛውን ነው። ባንኩ ብድር ሲሰጥ የሚያየው እሱኑ ነው። በዚህ ላይ ማላይኛ ለዚህ ዓይነት ነገር ቃል ያለው አይመስለኝም።

ሒሳብ ሹሙ፦

የመጨረሻዋን እንኳ ተዋት። ቃል ሞልቷል። የቋንቋና የመጻሕፍት ተቋሙ፣ ደዋን ባሃሳ ዳን ፑስታካ፣ ከ1956 ጀምሮ አለ፤ የየሙያውን ቃል ሲያደራጅ ኖሯል። የማሌዥያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1970 የተከፈተው በማላይኛ ለማስተማር ነው። ሒሳብ መግለጫው «ፔንያታ ከዋንጋን» ነው፣ የንብረት እርጅና ቅናሹ «ሱሱት ኒላይ»፣ የማይሰበሰብ ዕዳው «ሁታንግ ላፑክ»። ሁሉም ያውቃቸዋል።

የእኛ ቢሮ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርህ። ማላይ አለ፣ ቻይና አለ፣ ታሚል አለ። አንድ ደንበኛ ሳይከፍል ወራት ሲያልፉት ሰብሳቢዋ ልጅ ከወንበሯ ዞር ብላ «ዱይት ታ ማሱክ ላጊ» ትላለች፤ ገንዘቡ ገና አልገባም ማለቷ ነው። ሁላችንም ይገባናል። እንወያያለን፣ ደንበኛውን እናማዋለን፣ ተስፋ እንቆርጣለን፣ ሁሉም በማላይኛ። ከዚያ ፋይሉ ይከፈታል፣ «ላይሰበሰብ ለሚችል ተሰብሳቢ የተያዘ መጠባበቂያ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ትገባለች። ካለፈው ዓመት ኮፒ ተደርጋ ነው። ቁጥሯ ብቻ ይቀየራል።

ዝምተኛው፦

ምን ችግር አለው ታዲያ? ቢዝነስ በእንግሊዝኛ ነው፣ ዓለም ተስማምቷል። የሒሳብ ሪፖርት ግጥም አይደለም።

ሰዓዳ፦

ዝምተኛው፣ ችግሩ ያለው ሰው ስላለ ነዋ የምናወራው።

እኔ የምኖረው ሻህ አላም ነው፤ ባለቤቴ የዚህ አገር ሰው ነው። አማቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጥሪታቸው ያለው ሁለት ቦታ ነው፦ ታቡንግ ሃጂ የሚባለው የሐጅ ቁጠባና አማናህ ሳሃም ቡሚፑትራ። ይህ ሁለተኛው ከ1990 ጀምሮ ለአገሬው ተወላጆች የተከፈተ የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ ነው፤ የአንዱ ዩኒት (ድርሻ) ዋጋ ሁሌም 1 ሪንጊት (የማሌዥያ ብር) ነው፣ አይወጣም አይወርድም። ስለዚህ አማቴ የሚጠብቁት ቁጥር አንድ ነው። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ዩኒት ስንት ሴን (የሪንጊት ሳንቲም) ታሰበ? መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ያነባሉ፣ ለእህታቸው ይደውላሉ፣ ያማርራሉ ወይም አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ይህ ሁሉ በማላይኛ ይደርሳቸዋል።

ፈንዱ ግን ያን ገንዘብ የሚያውለው ትልልቅ ባንኮችና ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ነው። የእነሱ ሪፖርት እንግሊዝኛ። እና የአማቴ ገንዘብ መጀመሪያ ላይ ማላይኛ ነው፣ መጨረሻ ላይ ማላይኛ ነው፣ መሐል ላይ ያለው ግን እሳቸው የማይገቡበት ክፍል ነው።

ደብተራው፦

ሰዓዳ እህቴ፣ ጥሩ አስቀመጥሽው። ግን እኔ ክርክሩን ላገላብጠው። በማላይኛ ቢጻፍስ ምን ይጠቅማል? ታቡንግ ሃጂ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ለማያውቁት፦ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራ የሐጅ ቁጠባ ተቋም ነው። ሰዎች ጥቂት በጥቂት ያስቀምጣሉ፣ ተቋሙ ሥራ ላይ ያውለዋል፣ ዓመታዊ ትርፍ ያከፋፍላል። ከ9 ሚሊዮን በላይ አስቀማጭ ያለው ነው። በ2018 መንግሥት ተቀየረና መዝገቡ ተገለጠ። በ2017 መጨረሻ ላይ ሀብቱ 70.3 ቢሊዮን ሪንጊት፣ ዕዳው 74.4 ቢሊዮን ሪንጊት ነበር ተባለ። የ4.1 ቢሊዮን ጉድለት! የተቋሙ ሕግ ደግሞ ሀብት ከዕዳ ካነሰ ትርፍ ማከፋፈል አይፈቅድም። ሲከፋፈል ግን ነበር። በ2018 መጨረሻ 19.9 ቢሊዮን ሪንጊት የሚያወጣ ንብረት በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ወዳለ ኡሩሻርታ ጀማዓህ ወደተባለ ኩባንያ ተዛወረ። ሚዛኑ የተስተካከለው እንደዚያ ነው። ቆየት ብሎ የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቁሞለታል።

የውዝግቡ እምብርት ምን ነበር? የያዙት አክሲዮን ዋጋ ሲወድቅ ኪሳራው መቼ ሒሳብ ውስጥ ይግባ የሚለው። ማላይኛው «ሮሶት ኒላይ» ይለዋል፣ የዋጋ መውደቅ። ሪፖርቱ ለፓርላማ የሚቀርብ ስለሆነ በማላይኛ አለ። ማን አነበበው? ከሠንጠረዦቹ ኋላ ከሚደረደሩት ማብራሪያዎች ውስጥ ቁጥር ስንት ላይ እንዳለ የሚያውቅ አስቀማጭ ነበር? ስለዚህ ሒሳብ ሹሙ፣ ቋንቋ ነው ያልከው ነገር ቋንቋ ላይሆን ይችላል።

ሒሳብ ሹሙ፦

ደብተራው፣ ይህ ምሳሌ እኔ ያልኩትን ነው የሚያጠናክረው። የታቡንግ ሃጂ ተቀማጭ የመንግሥት ዋስትና አለው፣ በሕግ። ዋስ ካለኝ ማብራሪያ ለምን አነባለሁ? ቢከፋኝስ የት እሄዳለሁ? ሐጅ ለመሄድ ተራ የምይዘው በእሱ ነው። አስቀማጩ ጥሎ የሚወጣ አንባቢ አይደለም። የሚያስፈራ አንባቢ በሌለበት ሪፖርቱ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ለመደርደሪያ ነው።

አሁን ደግሞ ቦንድ የገዛውን የውጭ ባንክ አስቡት። አንድ የማብራሪያ መስመር ካላማረው ይደውላል፣ ወለድ ይጨምራል፣ ወይ ይሸጣል። ኩባንያው ለእሱ ነው የሚጽፈው። እሱ ማላይኛ ቢያነብ ኖሮ ነገ ጠዋት ሁሉም በማላይኛ ይሆን ነበር።

ሰዓዳ፦

ኧረ ተው! ሁሉን ነገር በፍርሃት ብቻ አትመዝነው። አማቴ ማላይኛውን አንብበው ጥሩ ጥያቄ ሊጠይቁ ይችላሉ። በ2018 እኮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ጋዜጣው «ሀብቱ ከዕዳው ያንሳል» ብሎ በአንድ መስመር ሲጽፈው ወዲያው ገብቷቸዋል። ጋዜጣው የቻለውን ሪፖርቱ ለምን አቃተው?

ደብተራው፦

እዚህ ላይ እጅ ሰጥቻለሁ። ቋንቋው ማላይኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን የእንግሊዝኛ ከሆነ ምን ይደረግ! የአንዳንዱን መሥሪያ ቤት ሪፖርት ማላይኛ ቅጂ ሳነብ እንግሊዝኛውን በሆዴ ካልተረጎምኩት አይገባኝም።

ጃካርታ ነኝ፦

ጎረቤት አገር የሚሆነውን ላውራችሁ፤ እኔ ያለሁት ኢንዶኔዥያ ነው፣ ቋንቋው የማላይኛ ወንድም ነው። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። የግብር ሕጉ ሒሳብ በኢንዶኔዥያኛ ይያዝ ይላል፤ በእንግሊዝኛና በውጭ ገንዘብ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሒሳብ ደረጃውም በራሳቸው ቋንቋ ነው የታተመው።

የአንድ አክሲዮኑ የሚሸጥ ኩባንያ ሒሳብ ብትከፍቱ ገጹ ለሁለት ተከፍሏል። ግራው ኢንዶኔዥያኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ፣ ቁጥሮቹ መሐል። ብዙዎቹ ላይ፣ በየገጹ አናት፣ ዋናው ቅጂ ኢንዶኔዥያኛው መሆኑን የምትገልጽ መስመር አለች። እኔ እዚያች መስመር ላይ ነው የማተኩረው። ክርክር ቢነሳ የሚይዘው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮሃል። እንግሊዝኛው ለእንግዳው የተደረገ መስተንግዶ ነው።

እና ቁጥር በቁጥር «ደረጃው እንግሊዝኛ ስለሆነ» ያልከው አያስኬድም። እነሱም መሠረታቸው አይኤፍአርኤስ ነው። ሕግ አስገደዳቸው፣ ተረጎሙት፣ ሠሩበት።

ቁጥር በቁጥር፦

ኢንዶኔዥያ ከ270 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው፣ ሁሉም በአንድ ቋንቋ ትምህርት ቤት የገባ አገር ነው። ማሌዥያ እንደዚያ አይደለም። የቻይናዎቹን ሱቆች እርሳ አትበለኝ። አባትየው በቻይንኛ መዝገብ ይይዛል፣ ልጅየዋ በእንግሊዝኛ ሒሳብ ተመርቃለች። ሕጉ ማላይኛ ወይም እንግሊዝኛ ስላለ የአባትየው መዝገብ ለግብር ሲቀርብ ወደ አንዱ መዞሩ አይቀርም። ወደ የትኛው የሚዞር ይመስልሃል? እንግሊዝኛ እዚህ የማንም ስላልሆነ ነው ሁሉም የተስማማበት። ቦርኒዮ ደሴት ላይ ወዳሉት የማሌዥያ ግዛቶች፣ ሳባና ሳራዋክ ብትሄድ ደግሞ የቋንቋው ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ድርድር አለው።

ጃካርታ ነኝ፦

የማንም ያልሆነ ቋንቋ የለም፤ ትምህርት ቤት የከፈለበት ሰው ቋንቋ ነው። ግን ስለ ቻይናዎቹ መዝገብ ያነሳኸው ልክ ነው፣ አልከራከርህም።

ኦዲተሯ ከቦሌ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ አላስችል አለኝ። የእኛም ሕግ እኮ ቁርጥ የማሌዥያውን ነው። የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ግብር ከፋይ ሰነዱን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይያዝ ይላል። እና እኛ ምን መረጥን? እኔ የማውቃቸው የባንክ ሪፖርቶች የፊት ገጾቻቸው በሁለቱም ቋንቋ ናቸው። የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት፣ የፕሬዚዳንቱ መልእክት፣ ፎቶው፣ የቅርንጫፍ ብዛቱ። ኦዲተር የፈረመበት ሒሳብና ማብራሪያው ጋ ስትደርሱ አማርኛው ይሰናበታል።

ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው «ይሄ የተበላሸ ብድር የምትሉት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከመድረኩ የተሰጣቸው መልስ «ሪፖርቱ ላይ በዝርዝር ተቀምጧል» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ተቀምጧል፤ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው ውስጥ። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ነው የገዛው፣ በቴሌብር፣ ስልኩን እየነካካ። ይህ ሁሉ አዲስ ባለአክሲዮን ማብራሪያውን በየትኛው ቋንቋ ነው የሚያነበው? ጥያቄዬ ለጃካርታው ነው፦ እዚያ ትርጉሙ ቢሳሳት ኦዲተሩ ይጠየቃል ወይ?

ጃካርታ ነኝ፦

እህቴ፣ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ስላሉ ኦዲተሩም ኩባንያውም ሁለቱንም ያያሉ። ሥራው ላይ የማየው፣ የመጨረሻው ሌሊት የሚያልቀው በዚያ ነው። አንዱ ግራውን ያነባል፣ ሌላው ቀኙን ይከታተላል። ቁጥር ላይ ብዙም ስህተት አይገኝም። የሚያጣላው «ሊሆን ይችላል» እና «ይሆናል» የሚሉት ላይ ነው። ለምሳሌ ኩባንያው ተከሶ ከሆነ፣ ይሸነፋል ብለው ነው የሚጽፉት ወይስ ሊሸነፍ ይችላል? አንዱ አባባል መጠባበቂያ ያስይዛል፣ ለሌላው ማብራሪያ ብቻ ይበቃል። እዚያ ላይ የኦዲት ድርጅቱ አጋር (ፓርትነር) ራሱ ተጠርቶ ይመጣል።

ኦዲተሯ ከቦሌ፦

አሁን ገባኝ። እኛ ጋ ይህን የሚያነብ ሁለተኛ ሰው ራሱ አይመደብም።

ኮድ ጸሐፊው፦

ከሒሳብ ሰው ውጪ መግባት ይቻላል? ቴክኖሎጂው ግማሹን ችግር ፈትቶታል እኮ። የማሌዥያ የኩባንያዎች ኮሚሽን ከ2018 ጀምሮ ሪፖርት የሚቀበልበት ኤምቢአርኤስ የሚባል ሥርዓት አለው። የሚሠራው በኤክስቢአርኤል ነው። እያንዳንዱ ቁጥር መለያ ይለጠፍለታል። ይህ ገቢ ነው፣ ይህ ዕዳ ነው፣ ይህ ያለፈው ዓመት ነው። መለያው ለማሽን ነው፤ ለሰው የሚታየው ስያሜ በፈለጋችሁት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ስያሜው አንድ ጊዜ በማላይኛ ከተሠራ ለሁሉም ኩባንያ ያገለግላል። ሠንጠረዡን ማንም ሳይተረጉም በማላይኛ ማየት ይቻላል ማለት ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦

ሠንጠረዡን አዎ። ግን የተቀበረው ነገር ሠንጠረዡ ላይ አይደለም ያለው። ደብተራው ያነሳው ጉዳይ ሠንጠረዥ ላይ ቢፈለግ ጤነኛ ቁጥር ነው የሚገኘው። «አክሲዮኖቻችን ወድቀዋል፣ ነገር ግን ይመለሳሉ ብለን ስለምናምን ኪሳራውን አልመዘገብንም» የሚለው ዓይነት ሐሳብ የሚኖረው ማብራሪያ ውስጥ ነው፤ በረዥም ዓረፍተ ነገር። እሱን መለያ አይተረጉመውም። እንደ ጃካርታው ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት፣ ሁለት ሰው ደግሞ ደሞዝ ነው።

ኮድ ጸሐፊው፦

የዛሬዎቹ የትርጉም ማሽኖች ማላይኛ ላይ ጎበዞች ናቸው። ደሞዙ ይቀርላችኋል።

ሒሳብ ሹሙ፦

ጎበዝ ናቸው። ፈራሚ ግን አይደሉም። እኔ እንደሆንኩ ማሽን የተረጎመውን ይዤ መሐላ ተቀባዩ ፊት አልቀርብም።

ዝምተኛው፦

እሺ ተረታሁ፣ ግጥም ባይሆንም ሰው ይነበብለት። ግን ኩባንያው በፈቃዱ አያደርገውም። ወይ ሕግ ይውጣ ወይ ክሩ ይዘጋ።

ሰዓዳ፦

ሕጉ ቢወጣ እንኳ መጀመሪያ ሁሉንም ኩባንያ ባይነካ ደስ ይለኛል። ትንሹን ሱቅ ለምን ያስቸግሩታል? የሕዝብ ቁጠባ ያለበት ኩባንያ ላይ ይጀምር። የአማቴ ፈንድ ትልቅ ድርሻ የያዘበት ባንክ ማብራሪያውን በማላይኛ ያውጣ፣ ኦዲተሩም ይፈርምበት። የፊት ገጹን ፎቶ በእንግሊዝኛ ያድርጉት፣ ግድ የለኝም።

ቁጥር በቁጥር፦

በዚህኛው እስማማለሁ። ወጪውን ይችሉታል፣ ሰበብ የላቸውም። ግን ኦዲተሩ ሁለት ቅጂ ላይ ይፈርም ካልሽ ክፍያው ከፍ ይላል፣ እሱም ዞሮ ዞሮ ከአማትሽ ሴን ላይ ነው የሚቀነሰው። ንገሪያቸው።

ሰዓዳ፦

ነገርኳቸው። «ስንት ነው የሚቀነሰው?» አሉ። ባለሙያ ነህ፣ መልሱን አንተ ስጣቸው።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ሒሳብ ተማሪ ነኝ፣ በሚቀጥለው መንፈቅ ማሌዥያ ልመጣ ነው። የማላይኛውን የሒሳብ ቋንቋ ለመልመድ ከየት ልጀምር?

ሒሳብ ሹሙ፦

እንኳን ደህና መጣህ። አክሲዮን ገበያ ላይ ካሉት አትጀምር፣ ብዙም አታገኝም። በሁለቱም ቋንቋ የሚያወጡትን ፈልግ፦ ማዕከላዊ ባንኩ ባንክ ነጋራ፣ የሠራተኞች ጡረታ ቁጠባው ኬደብሊውኤስፒ፣ የአገሪቱ ዋና ኦዲተር። ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ክፈት። በሕግ የተቋቋሙ የመንግሥት ድርጅቶች ሪፖርት ላይ የዋና ኦዲተሩ ምስክር ወረቀት አለ፤ አጭር ነው፣ ከእሱ ጀምር። ቀጥለህ የሒሳብ ፖሊሲ ማብራሪያውን። ከዓመት ዓመት ብዙም ስለማይቀየር አንዱን ከለመድክ ቀሪው አያቅትህም።

ጃካርታ ነኝ፦

አንድ ነገር ልጨምርለት። ስትፈልግ የኢንዶኔዥያ ሪፖርት ተቀላቅሎ ይመጣብሃል፣ ቋንቋው ስለሚመሳሰል አትለየውም። ርዕሱ «ላፖራን ከኡዋንጋን» ካለ የእኛ ሰፈር ነው። ቁጥሩንም ተጠንቀቅ፤ እኛ ጋ ሺህ የሚለየው በነጥብ ነው፣ ማሌዥያ ጋ በኮማ። 1.250 ያየኸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሊሆን ይችላል።